ከተማ የሚመዘነው በአዘቦት ቀን ነው

(ባለፈው እሁድ እዚህ ጎንደር ማራኪ ለተመራቂ ልጆችና ለወላጆች በተዘጋጀው ዝግጅት ላይ የተናገርኩት ነው። ብዙ ሰው "ጽሑፉን ላኪልን" ስላለኝ ከቅጂው ላይ እንዳለ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ ጎንደሮች! ጤና ይስጥልን። እናቶቻችን አባቶቻችን፣ በዚህ ዝናብ ጃንጥላ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ እግዜር ያክብርልን። ተመራቂዎች፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ከኋላ የቆማችሁት ልጆች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ኑ ግቡ፣ አትፈሩ።

እሺ። አዘጋጆቹ "ስለ ስራና ስለ ኑሮ አንድ ነገር በያቸው" ሲሉኝ ስለ ከተማ ልናገር ብዬ ወሰንኩ። ለምን ስለ ከተማ? መድኃኒት ቤት ስትመጡም፣ ፒያሳ ስንገናኝም የምትጠይቁኝ ይሄንኑ ስለሆነ ነው። "እታለም፣ አዲስ አበባ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልሁን?" "ባህር ዳር አይሻለኝም?" "ሀዋሳ ጥሩ ናት ይባላል፣ እውነት ነው?" ሁላችሁም ከከተማው ስም ነው የምትጀምሩት። እዚያ ከተማ ውስጥ ጠዋት ተነስታችሁ ማታ እስክትተኙ ምን እንደምትሰሩ ግን የጠየቀኝ የለም።

እኔ እዚህ ጎንደር አራዳ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ፣ ፋርማሲ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዓመታት የሰራሁ፣ ባህር ዳር የኖርኩ፣ ሀዋሳም ጥቂት ጊዜ የቆየሁ፣ ዛሬ ደግሞ እዚሁ ተመልሼ ትንሽ መድኃኒት ቤት የከፈትኩ እህታችሁ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ያየሁትን ነው። ሶስት ነገር አነሳለሁ፦ መጀመሪያ ቤትና መንገድ፣ ቀጥሎ ስራ፣ መሃል ላይ መኪና። መኪና ምን አመጣው እንዳትሉኝ፣ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት ግን መለኪያችንን እናስተካክል። እኛ ከተማን የምንመዝነው በበዓል ነው። ጎንደርን በጥምቀት ያየ ሰው፣ ፋሲል መዋኛ ውሃው ሞልቶ፣ ታቦቱ ወጥቶ፣ ህዝቡ ነጭ ለብሶ ያየ ሰው፣ "እዚህ ነው መኖር!" ይላል። ባህር ዳርን ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ያየ፣ "ገነት ናት" ይላል። አዲስ አበባን ለዘመድ ሰርግ ሄዶ ሶስት ቀን ቦሌ አክስቱ ቤት ያደረ፣ መብራቱን አይቶ ልቡ እዚያው ይቀራል። አዘቦት ቀኑስ? እሺ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ሰርጉ አለቀ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ስራ አለ፣ ቤት ውስጥ ውሃ የለም። ያን ቀን ከተማው ምን ያደርግላችኋል? እሱን ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ኑሮ ማለት አዘቦት ቀን ነው ልጆች፣ አዘቦት ቀን!

እሺ፣ አንደኛ ቤትና መንገድ። ከአዲስ አበባ ልጀምር።

እኔ አዲስ አበባ ስኖር ቤቴ አያት ነበር፣ ኮንዶሚኒየም፣ ከሁለት ልጆች ጋር ተዳብለን። ስራዬ ሜክሲኮ። ካርታ ላይ ስታዩት ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ባቡሩም ከአያት ተነስቶ በመገናኛ በስታዲየም አድርጎ ሜክሲኮ ይደርሳል። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስራ ሲጀምር እውነትም ተገላግለናል ብለን ነበር። በኋላ ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፣ የሚመጣው ባቡር ደግሞ ሞልቶ ነው የሚመጣው፣ በሩ ሲከፈት የሚወርድ ሳይኖር የሚገፋ ብቻ። እሱ ሲያመልጣችሁ ታክሲ ሰልፍ። መገናኛ ሰልፍ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ከፊታችሁ ያለው ሰው ኮት ላይ ያለውን ስፌት እስክታውቁት ድረስ ነው የምትቆሙት። እኔ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ከቤት ካልወጣሁ በሰዓቱ አልደርስም፣ ማታ ደግሞ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው በር የምከፍተው። ደርሶ መልስ ቢያንስ ሶስት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ። ሶስት ሰዓት በቀን ምን ማለት እንደሆነ አስሉት እስቲ። በዓመት ሶስት መቶ ቀን ብትሰሩ ዘጠኝ መቶ ሰዓት ነው፣ ሌትና ቀን ብታደርጉት ከአንድ ወር በላይ ነው። ከአንድ ወር በላይ ህይወት፣ ቆሞ፣ የሰው ክርን ጎን ውስጥ ገብቶ!

ቤት ኪራዩስ? እዚህ ላይ ወላጆችም ስሙኝ። አንድ ጊዜ አከራዬ ወር ሳይሞላ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምሪ፣ ካልሆነ ልቀቂ" አለኝ፣ በስልክ፣ ስራ ላይ እያለሁ። በዚያ ጊዜ የሚከራከርልሽ ህግ አልነበረም፣ ሻንጣ ይዞ መውጣት ነው። አሁን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1320/2016 ነው፣ ጻፉት። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ ይመዝገብ ይላል፣ ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይሁን ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ልጆች ይሄን ሳያውቁ ሄደው የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል ሲባሉ ከእናታቸው ላይ ብር ያስልካሉ። አታስልኩ! ደላላ "ህጉ እኮ አይሰራም" ቢላችሁም ውል ሳይመዘገብ ብር አትስጡ።

እንግዲህ አዲስ አበባን ልኮንን አይደለም፣ ስለ ስራ ስንነጋገር አመሰግናታለሁ። የመንገዱና የቤቱ ነገር ግን ይሄ ነው።

ባህር ዳር። ባህር ዳር ላይ የመጀመሪያው የገረመኝ ነገር እግሬ ነው። እኛ ጎንደሮች ዳገት ቁልቁለት ለምደን፣ ባህር ዳር መሬቱ ዝርግ ነው፣ ብስክሌት ነው፣ ሴቱም ሽማግሌውም በብስክሌት ስራ ይሄዳል። ከቤቴ እስከ ስራ በባጃጅ ትንሽ ነው፣ ሲያሰኘኝ በእግሬ፣ ዘንባባው ስር ስር እያልኩ። ማታ ከስራ ወጥቼ ጣና ዳር ደርሼ ቤት እገባለሁ፣ ይሄ እንግዲህ አዘቦት ቀን ነው፣ በዓል አይደለም። የአባይ አዲሱ ድልድይም በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ተመርቆ፣ 380 ሜትር ነው ርዝመቱ፣ በጠባቡ አሮጌ ድልድይ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ገላገለው። ታዲያ ችግር የለም? አለ። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። ወባ አለ፣ እኔ መድኃኒት የማድል ሰው ስለሆንኩ ከዝናቡ ማብቂያ በኋላ ስንት ሰው በትኩሳት እንደሚመጣ አይቻለሁ። ጎንደር ከፍታዋ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው፣ ባህር ዳር 1,800 አካባቢ፣ የጎንደር ሰው "ሶስት መቶ ሜትር ምንድን ነው" ይላል ግን ትንኟ ታውቀዋለች፣ ባህር ዳር የምትሄዱ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፣ ቃሌ ነው።

ሀዋሳን በአጭሩ። ዝርግ፣ ሰፊ መንገድ፣ ሐይቅ፣ አሞራ ገደል ሄዶ አሳ መብላት፣ ሰው ፍቅር ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየቦታው ወጣት ጎረፈ፣ ለተማረ ባለሙያም ለሂሳብ ሰራተኛም ለነርስም በር ከፈተ፣ በዚያው ልክ የነጠላ ክፍል ኪራይ ተወደደ። የፋብሪካ ስራ ግን በውጭ ገበያ ላይ የቆመ ነው፣ ትዕዛዝ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሰማው ሰራተኛው ነው፣ ይሄን አውቃችሁ ግቡ። ድሬዳዋን ለስራ ደርሼ ነው የተመለስኩት፣ ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፣ ንግድ የምታስቡ ልጆች እሷን አትርሱ፣ ለጅቡቲ ከኛ በጣም ትቀርባለች።

አሁን መኪና። ወንዶቹ ቀና አላችሁ አይደል? ሴቶቹም ቀና በሉ፣ መኪና የወንድ ብቻ አይደለም።

ብዙ ልጅ ስራ ሲይዝ የመጀመሪያ እቅዱ መኪና ነው። እቁብ ገብቶ፣ ከወንድሙ ተበድሮ፣ ቪትዝ። እኔ የምለው፣ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ከተማችሁን እዩት። ባህር ዳርና ሀዋሳ የምትኖሩ ልጆች መኪና ለአዘቦት ቀን አያስፈልጋችሁም፣ ብስክሌት ግዙ፣ ብሩን ለቤት አድርጉት። አዲስ አበባ የምትኖሩ፣ አያት ሆናችሁ ሜክሲኮ የምትሰሩ፣ መኪና ያው መንገድ ላይ ነው የምትቆሙት፣ ልዩነቱ ተቀምጣችሁ መቆማችሁ ነው፣ ዝናብ አይነካችሁም፣ እሱም ቀላል አይደለም። የስራ ባልደረባዬ መኪና ከገዛ በኋላም እንደኔው አስራ ሁለት ሰዓት ነበር ከቤት የሚወጣው፣ ፓርኪንግ ለማግኘት።

ጎንደርስ? ጎንደር ዳገት ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ከመካኒኮች የተማርኩት ነው። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አስር በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ በባህር ጠለል ላይ ተለክቶ የተጻፈለት የፈረስ ጉልበት ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛው የለም። በዚያ ላይ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ውስጥ አምስት ሰው ጭናችሁ፣ ኩንታል ጤፍ ከኋላ አድርጋችሁ ወደ ጎሃ ዳገት ስትወጡ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ስትወርዱ ደግሞ በፍሬን ብቻ ትወርዳላችሁ፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ሸራው ያልቃል። አንድ የአዘዞ መካኒክ "የጎንደር መኪና ቀድሞ የሚያልቅበት ፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን ነው" ብሎኛል፣ እውነቱን ነው። ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ የመኪና ዋጋ አሻቀበ፣ ያረጀ ቪትዝ እንኳ ዕድሜው ሲጨምር ዋጋው የሚጨምር እቃ ሆነ። የኤሌክትሪኩ ለጎንደር ዳገት ጥሩ ነው፣ አየር አይፈልግም፣ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ትንሽ ይሞላል። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ አድራችሁ ታውቃላችሁ፣ እሱ ይቀራል። ግን መብራት ሲጠፋስ? ማታ ሰካችሁት ሌሊት መብራቱ ከሄደ ጠዋት ምን ትነዳላችሁ? ሲበላሽስ ማን ይነካዋል? ቻርጀሩም ባለሙያውም የተሰበሰበው አዲስ አበባ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለከተማ ውስጥ፣ ከማራኪ አዘዞ ከአዘዞ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው፣ ግዙ እላለሁ። "ገጠር ዘመድ ጥየቃ እሄድበታለሁ" ለሚል ሰው አሁን አይሆንም።

መኪና በቃ። ወደ ስራ ልሂድ፣ ዋናው እሱ ነው።

እዚህ ላይ የምናገረው ወላጆችን ሊያስከፋ ይችላል ግን እናገራለሁ። አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ፣ ሙያችሁን ገና ካልጨበጣችሁ፣ አዲስ አበባ መሄድ ብልህነት ነው። ለምን? የኔን ሙያ ልንገራችሁ። መድኃኒት አስመጪዎቹ አዲስ አበባ ናቸው። ለምን ጎንደር የሉም? የምግብና መድኃኒት ባለስልጣኑ ዋና ቢሮ እዚያ ነው፣ የውጭ ምንዛሬ የሚፈቅዱት የባንኮቹ ዋና መስሪያ ቤቶች እዚያ ናቸው፣ ጉምሩኩም እዚያ። ስለዚህ መድኃኒት እንዴት እንደሚመዘገብ፣ እንዴት እንደሚገዛ፣ ለምን ገበያ ላይ እንደሚጠፋ ማወቅ የፈለገ ፋርማሲስት እዚያ ካልሰራ ግማሹን አያውቀውም። እኔ ያን ሁሉ ሰልፍ የቻልኩት ለዚህ ነው፣ ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው። ሶፍትዌር የተማራችሁ፣ አካውንቲንግ የተማራችሁ፣ አርክቴክቸር የተማራችሁ፣ የናንተም ያው ነው፣ አስተማሪ የሚሆናችሁ ባለሙያ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ እጁን እያያችሁ ተማሩ።

ግን የመንግስት ስራ የምትይዙ፣ ነርስ ሐኪም መምህር የሆናችሁ፣ ሂሳቡን ስሩት። የመንግስት ደሞዝ ስኬሉ አንድ ነው፣ አዲስ አበባ ያለች ነርስና ጎንደር ያለች ነርስ መነሻ ደሞዛቸው ተመሳሳይ ነው፣ ኪራያቸው ግን ተመሳሳይ አይደለም። እዚህ ቤተሰብ ቤት እያላችሁ፣ ሆስፒታሉ በእግር እየደረሰ፣ በዚያው ደሞዝ አያት ሄዶ ተዳብሎ መኖር ለምን? የህክምና ትምህርት እንደሆነ ጎንደር ከማንም አታንስም፣ ይሄ ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የህዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የጀመረ ነው፣ ብዙ የአገሩ ጤና ሰራተኛ ከዚህ ነው የወጣው። እዚህ መስራት ወደ ኋላ መቅረት አይደለም!

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ የምሰራበት መድኃኒት ቤት በቀን ስንት ሰው ይገባል፣ ፊቱን አላውቀውም፣ ወረቀቱን አያለሁ፣ መድኃኒቱን እሰጣለሁ፣ "ቀጣይ!" እላለሁ። እዚህ ከመጣሁ በኋላ አንድ አባት ነበሩ፣ ደንበኛዬ፣ በየወሩ አምሎዲፒን የሚወስዱ፣ የደም ግፊት። ሁልጊዜ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣሉ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ሂሳቡን ከመሃረብ ፈተው ነው የሚከፍሉኝ። አንድ ወር ቀሩ። መዝገቤን ሳገላብጥ ጊዜያቸው አልፏል። ለጎረቤታቸው ልጅ ነገርኩት፣ ሄዶ ሲያያቸው "ደህና ነኝ፣ ራስ ምታቱም ተወኝ፣ መድኃኒቱን ተውኩት" ብለውታል። አመጣቸው፣ ለካነው፣ ግፊቱ ጣራ ነክቷል። "አባባ፣ ደህና የሆኑት መድኃኒቱን ስለወሰዱ ነው እንጂ በሽታው ስለሄደ አይደለም" ብዬ ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው፣ ከዚያ ወዲህ አቋርጠው አያውቁም። ይሄን አዲስ አበባ ልሰራው እችል ነበር? ማን እንደቀረ በምን አውቃለሁ? እዚያ ሙያውን ተማርኩት፣ እዚህ ሙያው ምን እንደሚጠቅም አየሁ። ሁለቱንም እፈልጋቸው ነበር።

አሁን ደግሞ ጎንደርን ብቻ አሞግሼ እንዳልሄድ። ውሃ! ውሃ! ውሃ! እናቶች ሳቃችሁ፣ ታውቁታላችሁና። ውሃ የሚያጠጣን የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ነው፣ ለዚህ ሁሉ ህዝብም የተሰራ አይደለም። ውሃ ይሰጠናል የተባለው የመገጭ ግድብ ከተጀመረ ከአስር ዓመት በላይ ሆነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ቧንቧው ሲንሿሿ እናቴ "ውሃ መጣች!" ብላ ትጮኻለች፣ ግቢው በሙሉ ይነሳል፣ ባልዲው ጀሪካኑ ድስቱ ሳይቀር ይደረደራል፣ ሮቶ ያለው በጎማ ይሞላል፣ የሌለው ከጎረቤት ሮቶ ይቀዳል። ጎረቤት አይከለክልም፣ ይሄ የጎንደር መልካምነት ነው። ግን ጠዋት ስራ ያለው ሰው ሌሊት ውሃ ሲቀዳ ማደር የለበትም። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማ ሲያደርጋት ከቀሃ ወንዝ ዳር መዋኛ አሰርቶ ውሃውን በቦይ አምጥቶ ሞልቶታል፣ እኛ በዚህ ዘመን ለቤታችን እንዴት ያቅተናል? ከተማው መሃል ኮሪደሩ ሲሰራ፣ ግንቡ ሲታደስ ደስ ብሎናል፣ እውነት ደስ ብሎናል፣ ቧንቧውም እንደዚያ በግልጽ፣ በየጊዜው የት እንደደረሰ ይነገረን። የከተማው ኃላፊዎች እዚህ ካላችሁ ይሄን ይዛችሁ ሂዱልኝ።

መንገዱም አለ። ያለንበትን የጸጥታ ሁኔታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ይዘገያል፣ እንጀራ ይወደዳል፣ ልጅ ከእናቱ ይለያል። ጎንደር ልኑር የሚል ሰው ይሄንንም ጨምሮ ነው የሚወስነው፣ ደብቄ "ኑ" ብዬ አላታልላችሁም። እኔ ይሄን ሁሉ አውቄ ነው እዚህ ያለሁት። ከቤቴ እስከ መድኃኒት ቤቴ ስሄድ አስር ሰው "እንዴት አደርሽ" ይለኛል፣ ምሳዬን ቤቴ እበላለሁ፣ እናቴን ሲያማት እኔ አለሁ። አዘቦት ቀኔ ይሄ ነው።

ወላጆች፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። ልጁ ልሂድ ሲል "ትተኸን ልትሄድ ነው" ብላችሁ አታስለቅሱት፣ ልቅር ሲልም "የእገሌ ልጅ አዲስ አበባ መኪና ገዛ" ብላችሁ አታሸማቅቁት። ይሄ ሁለተኛው ነው የበለጠ የሚጎዳው፣ እዚህ በሙያው ሰው እየረዳ ያለ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አይቻለሁ፣ በእናቱ አንድ ንግግር ምክንያት።

ተመራቂዎች ደግሞ፣ ስራ ከማመልከታችሁ በፊት የምትሄዱበት ከተማ ላይ ያለ ሰው ደውላችሁ ስለ ማክሰኞው ጠይቁት። ስንት ሰዓት ትነሳለህ፣ በምን ትሄዳለህ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ኪራይ ከደሞዝህ ስንት ያህሉን ይበላል፣ ማታ ስትገባ ማን አለ? ይሄን ጻፉና ከደሞዙ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። አዲስ አበባ የምታውቁት ሰው የሌላችሁ ከዝግጅቱ በኋላ ወደኔ ኑ፣ አብረውኝ የሰሩ ልጆች አሉ፣ አገናኛችኋለሁ።

በሉ፣ ብዙ አወራሁ፣ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ መጀመሪያ ሴቶቹ። አንቺ ከኋላ ቢጫ የለበስሽው፣ ቀድመሽ ነው ያወጣሽ፣ በይ ጠይቂኝ።